ክርክር፦ የድብርት መድኃኒት ጊዜው ባለፈ ማዘዣ ይሰጥ?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ፍረዱኝ። ለድብርትና ለጭንቀት ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ፍሬ እወስዳለሁ። ሐኪሜ የሚያየኝ በሦስት ወር አንዴ ነው፤ በመሃል ሰፈሬ ካለው መድኃኒት ቤት እገዛ ነበር። ፋርማሲስቱ ያውቀኛል፤ «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ሳይለኝ ፍሬዋን አይቆጥርልኝም። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እኔ አንድ ጥግ፣ እሱ ሌላ ጥግ ተበተንን።

አሁን ስድስት ፍሬ ቀርቶኛል፤ ቀጠሮዬ ገና ሦስት ሳምንት አለው። ትናንት ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሦስት መድኃኒት ቤት ገባሁ። የመጀመሪያዋ ማዘዣዬን ገልብጣ አየችና «ጊዜው አልፏል» ብላ መለሰችልኝ። ሁለተኛው «ጨርሰናል»። ሦስተኛው ማዘዣም አልጠየቀኝ፤ «ሰርትራሊን የለም፣ ፍሉኦክሰቲን ውሰድ፣ ያው ነው» ብሎ እሽጉን ባንኮኒው ላይ ወርወር አደረገልኝ። ግራ ገብቶኝ ገዛሁት፣ ግን አልነካሁትም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ክትትል ላይ ላለ ሰው፣ መጠኑ ሳይነካ፣ ፋርማሲስት የአንድ ወር እንዲሰጥ ይፈቀድለት።

ባንኮኒ ጀርባ፦
ወንድሜ፣ የመለሰችህን ልጅ እንዳትቀየማት። በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ ብትሰጥ የምትጠየቀው እሷ ናት። እሺ፣ ሕጉን እንተወው። በድሮ ወረቀት የሚመጣው ሁሉ እንዳንተ «ያችኑ ስጪኝ» የሚል መሰለህ? አንዱ 50 የሚል ማዘዣ ይዞ «አንዷ አልያዘችኝም፣ ሁለት ሁለት እየዋጥኩ ነው» አለኝ። መቼ ጀመርክ ስለው፣ «ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ»! ሌላዋ ለወገቧ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዞላት ከሰርትራሊኑ ጎን ለጎን ትወስዳለች፤ ለአንዱ ሐኪም የሌላውን አልነገረችም። ሁለቱ ሲገናኙ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት ሊያመጡ ይችላሉ። ይህን ያወቅሁት ጠይቄ ነው። ከኋላዋ ስምንት ሰው ቢሰለፍ ኖሮ ላልጠይቃት እችል ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

ለሦስተኛው ሰውዬ ግን ጥብቅና አልቆምም። «ያው ነው» ብሎ ነገር የለም። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የራሱ አካሄድ አለው፤ የትኛው መቼ እንደሚቆም፣ የትኛው በስንት እንደሚጀመር ሐኪም ነው የሚወስነው።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
አጋነናችሁት። እናቶቻችን ጭንቀታቸውን በቡናና በጎረቤት ነው የተወጡት። እኔ ራሴ ስድስት ወር ውጬ አንድ ጠዋት ጣልኩት፤ ይኸው፣ ምንም አልሆንኩም። ሰው ከቆረጠ ይተወዋል።

የሌሊት ተረኛ፦
ምን ነበር የምትወስደው?

ሜክሲኮ አደባባይ፦
ፍሉኦክሰቲን፣ 20።

የሌሊት ተረኛ፦
እንግዲያው ቆራጥነትህን አይደለም የምታመሰግነው፣ መድኃኒቱን ነው። ፍሉኦክሰቲን ካቆምከው በኋላም ሳምንታት እየፈጀ በራሱ ጊዜ ነው ከሰውነት የሚወጣው። ሰርትራሊን ግን በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ ይወጣል። በድንገት የተወው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ንጭንጭ፣ የሚያባንን ሕልም ሊመጣበት ይችላል። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ «በሽታዬ ተመለሰ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መድኃኒቱን መቼ እንዳቆመ ነው።

የአራት ኪሎ እናት፦
የኔ ልጅ እንዲያ ነው የሆነችው። ሲሻላት እንጦጦ ፀበል ይዣት ወጣሁ፤ እዚያ አንዲት ሴትዮ «ክኒኑን ካልተውሽ አይሠራልሽም» አለቻት። ተወችው። በሦስተኛው ቀን ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ያዘችና «እማ፣ አንገቴን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ ነዘረኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ገባባት ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሙ መልሶ አስጀመራትና በኋላ በግማሽ፣ ከዚያ በግማሽ ግማሽ አወረዳት። እኔ ነኝ በምላጭ የምከፍልላት፤ አንዳንዷ ብትንትን ትላለች። ፀበሉንም አልተውንም። እኔ ካየሁት፣ መድኃኒት ቤት የሐኪምን ሥራ አይሥራ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
እትዬ፣ እግዜር ይማርልዎት። ግን ልጅዎ የታመመችው እኮ መድኃኒቱ ተቋርጦ ነው! ነርሷም የምትለው ይሄንኑ ነው። ታዲያ እኔን ማዘዣዬን መልሰው በባዶ እጄ ሲሸኙኝ 50ውን በአንድ ሌሊት ዜሮ አላደረጉብኝም? መከልከልም መጠን መቀየር ነው፣ ያውም ትልቁ።

ባንኮኒ ጀርባ፦
ይቺን አሸንፈኸኛል።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔም ከልጁ ጋር ነኝ፣ ግን ወር አይሁን። ሐኪሙ ጋ እስኪደርስ ሰባት ወይም አሥር ቀን፣ ያችው መድኃኒት፣ ያችው መጠን። ወር ከሆነ ቀጠሮው ይረሳል፤ ሰዋችንን አውቀዋለሁ።

መጠን መጨመሩ ላይ ግን ድርድር የለኝም። መሻል የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው፤ ሙሉው ስድስትም ሊፈጅ ይችላል። ጭንቀት ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ በ25 የሚያስጀምሩት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸው ስለሚያቁነጠንጡ ነው። ያ ዘጠነኛ ቀኑ ላይ ያለው ሰው «አልያዘችኝም» ሲል ምናልባት መቁነጥነጡን በሽታው መስሎት ነው፤ ደርቦ ሲውጥ ያባብሰዋል። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሲሆን ደግሞ በጅማሬውና መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ቤተሰብ ዓይኑን አይንቀል። መሞት ያሰኘው ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሰው ይዞት በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ስለ መቀነስ፣ እትዬ ያሉት ግማሽ ግማሽ ትክክል ነው፤ አስቸጋሪዋ የመጨረሻዋ ፍርፋሪ ናት። ትንሿ መጠን አንጎል ላይ ከምትገምቱት በላይ ስለምትሠራ ከ25 ወደ ዜሮ የሚወረደው ከ50 ወደ 25 ከሚወረደው ይከብዳል። ተመራማሪዎቹ ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ጽፈዋል። እኛ ጋ የ50ዋን ፍሬ ቆርሶ መክፈል ነው ያለው፤ ስለዚህ ጊዜውን ማስረዘም ነው። መቀነሱ መቼ ይጀመር ለምትሉ፣ ከተሻላችሁ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ቆይታችሁ።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
ካርድ፣ ትራንስፖርት፣ ከሥራ ግማሽ ቀን መቅረት... ለአንድ ወረቀት ይሄ ሁሉ! ሰው ክኒኑን ራሱ በምላጭ ከፍሎ ቢቀንስ ምን ይፈረድበታል?

የአራት ኪሎ እናት፦
ይሄስ እውነት ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
እሺ፣ ከወር ወደ አሥር ቀን ወርጃለሁ፤ ከዚያ ግን አልወርድም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ካርድ ክፍል እሰለፋለሁ። ባንኮኒ ጀርባ፣ ፍሉኦክሰቲኑ አልተከፈተም። ይመለስልኛል?

ባንኮኒ ጀርባ፦
አንዴ ከመድኃኒት ቤት የወጣ አይመለስም። ቀጠሮህ እስኪደርስ ካላዩህ ደግሞ ተረኛውን ሐኪም «መድኃኒቴ እያለቀ ነው፣ ያለኝ ስድስት ፍሬ ነው» በለው፤ ማዘዣ ለማደስ ብቻ ነው የመጣሁት በል። ፍሉኦክሰቲኑንም ይዘህ ሂድና አሳየው።