ርእሰ መምህር ለመሆን ገጠር መሥራት ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው አንድ አባላችን ነው። «ርእሰ መምህር ለመሆን የሚወዳደር ሰው መጀመሪያ ራቅ ያለ ገጠር ማገልገል አለበት። መከራ ያልቀመሰ ሰው መምራት አይችልም» ይላል። እስኪ ሐሳብ ስጡበት። ስድብ የለም።

የቢቸናው፦ እደግፋለሁ። ጮቄ ተራራ ሥር ያስተማረ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰኔ ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እዚያ የሠራ ርእሰ መምህር፣ መምህሩ ለምን እንዳረፈደ ሳይነገረው ይገባዋል። ከተማ ተቀጥሮ ከተማ የተሾመው የሚያውቀው የፊርማ መዝገቡን ነው። ደግሞ የጎጃም ሰው ይህን እንዴት ይቃወማል? ሐዲስ አለማየሁን እዩ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወለዱ። ጣልያን ማርኮ አገሩ ወስዶ ለዓመታት አሰራቸው። ተመልሰው አምባሳደር ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ ያን ሁሉ ጻፉ።

የማርቆሷ፦ ወንድሜ፣ ሚኒስትር የሆኑት ስለታሰሩ ነው እንዴ? አብረዋቸው ታስረው በሽታና ሐዘን ይዘው የተመለሱትን ማን ያነሳቸዋል? እኛ የምናወራው ወጥተው የታዩትን ብቻ ነው። እኔ ጀማሪ መምህር ሆኜ አባይ በረሃ ዳር ሠርቻለሁ። ወባ ጥሎኝ ስከርም «እንዴት ነሽ?» ያለኝ አለቃ አልነበረም። ጠነከርሽ ይሉኛል። እኔ የተማርኩት ዝም ማለት ነው። ስብሰባ ላይ አሁንም እጄን አላወጣም።

የደጀኑ፦ እውነቷን ነው! ዘመድ ያለውማ መቼ ገጠር ይቆያል። ሕጉ ቢወጣ የሚቀጣው ዘመድ የሌለውን ነው።

የቢቸናው፦ እሱ የዝውውር ችግር ነው፣ ለብቻው ይታይ። እህቴ፣ ያንቺ ያሳዝናል። ግን የቆሎ ተማሪውስ? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ውሻ እያባረረው ነው ሊቅ የሚሆነው። አባቶቻችን በዚህ አለፉ።

የጎንጁ፦ እዚህ ላይ እንኳ ልግባ። አጎቴ ዋሸራ በሚባለው የቅኔ ጉባኤ ቤት ተምሯል። ስለ ውሻውና ስለ ቁራሹ ሲያወራ ይስቃል። ስለ የኔታ ሲያወራ ግን ቁጭ ብሎ ነው። ጀማሪ ከሁሉ አጭር በሆነው ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ ይመጣና ለየኔታ ይነግራል። ከጎደለ እዚያው ይታረማል። ነገም ይመጣል። ያን ሲችል ሦስት ቤት ወዳላቸው፣ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ይሻገራል። ስምንት ቤቱ መወድስ ገና ሩቅ ነው። ማንም በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ አምጣ አይለውም። በርታ ያለው ተማሪ ደግሞ ታናሾቹን እየሰማ ያርማል። መምራትን የሚለምደው እዚያ ነው፣ ራሱም ተማሪ እያለ። ረሃቡ አልገደለውም ማለት ረሃቡ አስተማረው ማለት አይደለም።

የእኛን ጀማሪ መምህርስ? አማካሪ መምህር ይመደብለታል ይባላል። ወረቀቱ ላይ አለ። ብዙ ቦታ ግን ፊርማ ብቻ ነው። ልጁ ከኮሌጅ በወጣ በማግስቱ መወድስ ይጠየቃል፤ ሲያቅተው «የዘንድሮ ልጅ አይችልም» ይባላል። ስለዚህ ገጠር ስንት ዓመት ቆየ ብላችሁ አትቁጠሩ። ስንት ጀማሪ ደግፎ አቆመ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ያደረገ ሰው ከተማም ይሁን ገጠር ይሾም።

የማርቆሷ፦ አሁን ገባኝ። በዚህ እስማማለሁ።

የቢቸናው፦ ጋሼ፣ ስለ የኔታ ያሉትን ተቀብያለሁ። ገጠሩን ግን አልተውም፤ በሩቅ የሚታዘን ሐዘን አላምንም። ደግሞ «ስንት ጀማሪ ደገፈ» የሚለውን ማን ይለካዋል? እንደ ምዘናው ቅጽ ሁሉም ከፍተኛ ተብሎ ይሞላል።

የጎንጁ፦ ጀማሪዎቹ ይጠየቁ።

የደጀኑ፦ ጀማሪ ስለ አለቃው መጥፎ ይጽፋል? ለምን ብሎ!

የማርቆሷ፦ ተዛውሮ ከሄደ በኋላ ይጠየቅ። ያኔ የሚፈራው የለም። እኔም ዛሬ ብጠየቅ ሁሉን እናገራለሁ።

የደጀኑ፦ ዝውውር ካገኘ ነዋ።

አወያይ፦ ይሄማ የነገው ጥያቄ ይሁን። «ማን ተዛወረ፣ ማን ቀረ» ብለን እንክፈተው።