አሮጌ ሃያ ሁለቶችን ከቁም ሳጥን እናውጣ፦ የመለዋወጫ ሰንጠረዥና የጋራ ሳጥን (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንቋጨው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። እዚህ አሜሪካ ያለን አባላት አብዛኞቻችን የያዝነው አሮጌ ባለ .22 ጠመንጃ ነው፤ «ሃያ ሁለት» የምንለው፣ ትንሿን ጥይት የሚተኩሰው። አንዱ ከአማቱ ወርሶታል፣ ሌላው ከሽማግሌ ጎረቤቱ በወጉ ገዝቶታል። ታዲያ አንዲት ሞላ ስትሰበር ጠመንጃው ቁም ሳጥን ገብቶ ይቀራል። ፋብሪካ ደውሎ ማዘዝም ቀርቷል ማለት ይቻላል። የዊንቸስተር የኒው ሄቨን ፋብሪካ በፈረንጆች 2006 ተዘግቷል። ሬሚንግተን በ2020 ከስሮ ተሸንሽኖ ተሸጧል፤ ማርሊንም በዚያው ሽያጭ ወደ ሩገር ሄዷል።

ረቂቁ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ የትኛው መለዋወጫ ከየትኛው ጠመንጃ ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያዘጋጅ። ቶሎ ቶሎ የሚሰበሩትን ዕቃዎች በአንድ ሳጥን ያኑር። የቸገረው አባል ይውሰድ፣ በዋጋው ይተካ።» የጎደለውን ሙሉ፣ የማይሆነውን ሰርዙ።

ከዴንቨር፦
እኔ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሰንጠረዡን በሞዴል ስም እንሥራውና ቶሎ እንጨርስ። ስሙ በርሜሉ ላይ ተጽፏል፣ ማንም ያነበዋል። ሩገር 10/22 ያለን ሰዎች እኮ እንዲህ ነው የምንኖረው። በ1964 ለወጣው የሚሆነው ባለ 10 ጥይት ካዝና ዛሬ ለሚሸጠውም ይሆናል። ሌላውስ ለምን አይሆንም?

ጋሼ (ጠመንጃ ጠጋኛችን)፦
ልጄ፣ ከ10/22 ከተነሣህ ሌሎቹ ያስቸግሩሃል። ዊንቸስተር 69ን ውሰድ። በ1935 ሲወጣ መምቻው የሚወጠረው መቀርቀሪያው (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ሲዘጋ ነበር። በ1937 69ኤ መጣና መቀርቀሪያው ሲከፈት የሚወጠር ሆነ። የሁለቱም ባለቤቶች «ስልሳ ዘጠኝ ነው ያለኝ» ይሉሃል። የመቀርቀሪያውን የውስጥ ዕቃ በስም ብቻ ከላክህላቸው አንደኛው መመለሱ አይቀርም።

ካዝናው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የ69ኙ ባለ 5 ጥይት ካዝና ለ52ም ለ75ም ይሆናል። አየህ፣ ካዝናው ከሩቅ ዘመድ ጋር ይስማማል፣ የውስጥ ዕቃው ከገዛ ወንድሙ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሰንጠረዡ በየጠመንጃው አይሁን። በየዕቃው ይሁን። ካዝና ለብቻ፣ መርፌ (ጥይቱን የሚመታው) ለብቻ፣ ቀለህ ጎታች (ባዶውን ቀለህ ስቦ የሚያወጣው) ለብቻ። ከእያንዳንዱ ጎን የሚስማማበት ሞዴልና የተሠራበት ዘመን ይጻፍ።

ከዴንቨር፦
እሺ ጋሼ፣ ይሁን። ዘመኑን ግን በምን እናውቃለን? የኔ ጠመንጃ መለያ ቁጥር የሚባል የለበትም።

ከቨርጂኒያ፦
የብዙዎቻችንም የለበትም። በአሜሪካ ሕግ ለሁሉም ጠመንጃ መለያ ቁጥር ግዴታ የሆነው በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ርካሽ ሃያ ሁለቶች ያለ ቁጥር ይሸጡ ነበር። ቁጥር የለውም ማለት ተፍቋል ማለት አይደለም፣ አዲስ አባላት በዚህ ስለሚደነግጡ ነው ይህን የምለው። ተፍቆ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው በሳጥናችንም በሰንጠረዣችንም ሊኖር አይገባም።

ሌላም አለ። የሱቅ ስም ያላቸውን እንዳንረሳ። ሲርስ ጄ ሲ ሂጊንስና ቴድ ዊሊያምስ እያለ ሸጧል። ሞንትጎመሪ ዋርድ ዌስተርን ፊልድ ብሏል፣ ዌስተርን ኦቶ ደግሞ ሬቨሌሽን። ጠመንጃዎቹን ግን እነሱ አልሠሯቸውም። ማርሊን፣ ሞስበርግ፣ ሳቬጅ፣ ሃይ ስታንዳርድ ናቸው የሠሩላቸው። ሲርስ በሸጠው ላይ የሞዴል ቁጥሩ በ103 ከጀመረ ሥራው የማርሊን ነው። ሰው በሱቁ ስም ዕቃ ሲፈልግ ያጣል፣ በሠሪው ስም ሲፈልግ ያገኛል። ለዚህ አንድ ዓምድ ይጨመርልኝ። እኔ እሞላዋለሁ።

አስተባባሪ፦
ግሩም ነው፣ ተጨምሯል። ሰንጠረዡ በየዕቃው እንዲሆንም ተስማምተናል ብዬ ወስጃለሁ።

ከሚኒሶታ፦
ማርሊን 60 ለብቻው ይታይ። ከ1960 ጀምሮ በሚሊዮኖች ተሠርቷል፣ ከኛም መሃል ብዙ ሰው ጋ አለ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ አንድ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ መቀርቀሪያው ተከፍቶ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ በፊትና በኋላ የተሠሩትን የውስጥ ዕቃ አንድ ላይ መጻፍ አይቻልም። ጥይት የሚደረደርበት ቱቦውም ተለውጧል። የድሮው 17 ጥይት ይይዛል፣ የኋለኛው 14። ቱቦ ሲሰበር «የማርሊን 60 ቱቦ» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም፣ ርዝመቱን በሜትር መለካት ነው።

አሁን ደግሞ የምር የሚያሳስበኝን ልናገር። ባለፈው አንድ አባላችን ጠመንጃው ቀለህ አላወጣ ብሎት ቀለህ ጎታች ይገዛል። ይቀይራል፣ ያው ነው። ሌላ ይገዛል፣ አሁንም ያው። እኔ ጋ ሲያመጣው በርሜሉን ነቅለን ጥይት የሚገባበትን አፍ በባትሪ አየነው። ልክ መርፌው በሚያርፍበት ቦታ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ብረቱ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንደ ከንፈር አብጧል። በጥፍሬ ስዳብሰው ያዘኝ። ቀለሁን አንቆ የሚይዘው ያ እብጠት ነበር። ያለ ጥይት ቃታ እየሳቡ ከመለማመድ የመጣ ነው። ጎታቹ ምንም አልሆነም! ሰውየው ገንዘቡን በከንቱ ጨረሰ።

ስለዚህ ከሰንጠረዡ በፊት «ዕቃ ከማዘዝህ በፊት ይህን እይ» የሚል አንድ ገጽ ይቅደም። ይህ ገጽ ከሳጥኑ የበለጠ ገንዘብ ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ተናገርክ። ያ ጠባሳ በሞረድ እንዳይነካ ይጻፍበት። ብረቱ አልጠፋም፣ ቦታውን ነው የለቀቀ። ለዚሁ የተሠራ ሾጣጣ መሣሪያ አለ፣ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በሞረድ ከተበላ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁላችሁንም ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቀው ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚገባ ነው። መቀርቀሪያ ይገባል ወይ? አንድ አባል ከኛ ወስዶ ገጥሞ ቢጎዳ ማኅበሩ ምን ይላል?

ጋሼ፦
የኔ ልጅ፣ ዋናውን ጠየቅሽ። አይገባም። ምክንያቱን በደንብ ልንገራችሁ።

የሃያ ሁለት ጥይት መቀጣጠያው ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው። መርፌው መሃሉን አይመታም፣ ጠርዙን ነው ከበርሜሉ ጋር ጨምድዶ የሚመታው። የጠርዙ ውፍረት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በመቀርቀሪያውና በበርሜሉ መካከል የሚቀረው ቦታ ለዚያ ውፍረት በልኩ የተሠራ ነው። ሌላ መቀርቀሪያ ብታገቢ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ይዘጋልም። ቦታው ጠበብ ካለ ገና ሲዘጋ ጠርዙን ጨፍልቆ ሊያፈነዳው ይችላል። ሰፋ ካለ ደግሞ ቀለሁ የሚደግፈው አጥቶ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል፣ ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ይህን ዓይን አያየውም። መለኪያ ያለው ጠጋኝ ነው የሚያየው።

የዊንቸስተር 1890 ጉዳይም አለ። ከ1906ና ከ62 ጋር የሚጋራው ዕቃ ብዙ ነው። ግን 1890 እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ የተሠራ ነው፤ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ። ጥይቱን የሚያነሣው ዕቃ በዚያው ልክ ይለያያል። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት ሳያነብቡ ማዘዝ አይገባም።

ገንዘብ ያዥ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ገብቶኛል። እንግዲህ ሳጥኑ ውስጥ ሞላ፣ ብሎን፣ ቀለህ ጎታች፣ መርፌና ካዝና ብቻ ይግባ። በዚህ ከሆነ በጀቱን እደግፋለሁ። የካዝና ጉዳይ ግን በየስቴቱ ሕግ ይታይ፣ ስንት ጥይት እንደሚፈቀድ ይለያያል።

ከዴንቨር፦
አንድ ጥያቄ። አጎቴ አገር ቤት አሮጌ ሃያ ሁለት አለው። ከሳጥኑ ሞላ ልልክለት እችላለሁ?

ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ አይቻልም። የጠመንጃ መለዋወጫ ከአሜሪካ ማውጣት በወጪ ንግድ ሕግ ቁጥጥር ሥር ነው። እዚያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) አለ። ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጎ መሄድ ሰው ያሳስራል። ለአጎትህ የሚጠቅመው ልኩን ማወቁ ነው፣ እዚያው በሕግ የሚሠራ ጠጋኝ ሊያይለት ይችላል። ሳጥኑ ከአሜሪካ እንደማይወጣ በረቂቁ ይጻፍ።

አስተባባሪ፦
ይጻፋል። የተሻሻለው ረቂቅ እነሆ፦

«ማኅበሩ በየዕቃው የተደራጀ የመለዋወጫ ሰንጠረዥ ያዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚስማማባቸው ሞዴሎች፣ የተሠሩበት ዘመን፣ የሱቅ ስም ካለው እውነተኛው ሠሪና በካሊፐር (በጥቃቅን ልክ መለኪያ) የተወሰደ ልክ ይጻፋል። አባል ራሱ ገጥሞ የተኮሰበት፣ ገጥሞ ብቻ ያየውና በወሬ የሰማው በየራሱ ምልክት ይለያል። በወሬ ብቻ የተሰማ ዕቃ ከሳጥኑ አይሰጥም። ሰንጠረዡን ‹ከማዘዝህ በፊት› የሚለው ገጽ ይቀድመዋል። መቀርቀሪያ፣ በርሜልና የጠመንጃው አካል በሳጥኑ አይገቡም፣ መቀርቀሪያ የሚቀይር አባል ጠጋኝ ጋ ይላካል። ሳጥኑ ከአሜሪካ አይወጣም።»

ሦስቱን ምልክቶች እኔ ነኝ የጨመርኳቸው፣ የምትቃወሙ ተናገሩ። «ገባልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ተኩሶ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ጋሼ፦
እኔ ተስማምቻለሁ። የመርፌ ልክ ሲወሰድ ጫፉም ይለካ፣ ርዝመቱ ብቻ አይበቃም። ጫፉ ያለቀ መርፌ ተለክቶ ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ ስህተቱ ወደ ሁሉም ይዛመታል። ያልተነካ መርፌ ያለው ሰው ያምጣ።

ከሚኒሶታ፦
የ«ከማዘዝህ በፊት» ገጽን እኔ እጽፋለሁ። የጠባሳውን ፎቶ ከነመብራቱ አነሣዋለሁ። ጋሼ፣ ከመለጠፌ በፊት ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፦
ላክልኝ፣ አያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
የመጀመሪያውን ግዢ በማርሊን 60 ሞላና ጎታች እንጀምር፣ ብዙ ሰው ጋ ያለው እሱ ነው። የዋጋ ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ከረቂቁ ጋር አያይዛለሁ።

ከዴንቨር፦
10/22 ያላቸውን አባላት ስም ዝርዝር እኔ እሰበስባለሁ። ዊንቸስተር 69 ወይም 69ኤ ያላችሁ ደግሞ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ነው ወይስ ሲከፈት የሚወጠረው የሚለውን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ እዩና ጻፉልኝ።

አስተባባሪ፦
ጥሩ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍ። ሰኞ ጠዋት ረቂቁን ለሥራ አስፈጻሚው እልካለሁ።