ክርክር፦ የተቃጠለው ክላንደን ፓርክ እንደ ነበረ ይሠራ ወይስ ፍርስራሹ ይቆይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምንከራከረው ስለ ክላንደን ፓርክ ነው። ቤቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ፣ ሱሪ አውራጃ፣ ጊልፎርድ ከተማ አጠገብ ያለ የመኳንንት ቤት ነው። የኦንስሎው ቤተሰብ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1641 ገዛው፤ ትልቁን የጡብ ቤት ደግሞ በ1730ዎቹ የቬኒሱ አርክቴክት ጃኮሞ ሌዮኒ ሠራላቸው። በ1956 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅት ተሰጠ። ኤፕሪል 29 ቀን 2015 ምድር ቤት ካለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ እሳት ተነሣ። ጣሪያው፣ ወለሎቹ፣ ዝነኛው የእብነ በረድ አዳራሽ ሁሉም ወደመ። ትረስቱ በ2016 ዋና ዋና ክፍሎቹን መልሼ እሠራለሁ ብሎ ነበር። በ2022 ሐሳቡን ቀየረ። ጣሪያ አለብሰዋለሁ፣ ጎብኚ የሚሄድበት መተላለፊያ እሠራለሁ፣ ውስጡ ግን እሳቱ እንደተወው ይቆያል አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የልስን ባለሙያው፦ እኔ ዕድሜዬን በልስን ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከቃጠሎው በፊት አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ። አዳራሹ ሁለት ፎቅ ከፍታ ያለው ነበር። ቀና ብላችሁ ስታዩ ጣሪያው ላይ በኖራ ልስን የተሠሩ ሰዎች አሉ፤ የአንዳንዶቹ እግር ከጠርዙ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አንገቴ እስኪያመኝ ቆሜ አየሁ። ይህን የሠራ እጅ ሞቷል፤ ሙያው ግን መሞት የለበትም። አፕፓርክን አስታውሱ። ዌስት ሰሴክስ ያለ ቤት ነው፣ በ1989 ተቃጠለ። ይኸው ናሽናል ትረስት መልሶ ሠርቶ በ1995 ከፈተው። ያኔ የኖራ ልስንን በእጅ የመቅረጽ ጥበብ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ተለመደ። ወጣቶች የተማሩት ሥራው ላይ ነው። ፍርስራሽ ለማን ሙያ ያስተምራል?

የታሪክ መምህሯ፦ ጋሼ፣ አፕፓርክና ክላንደን አንድ አይደሉም። አፕፓርክ ሲቃጠል ዕቃው በአብዛኛው ወጥቷል፤ ከፍርስራሹም ብዙ ተለቅሟል። ክላንደን ግን በአንድ ሌሊት ባዶ ቅርፊት ሆነ። ደህና የተረፈው አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል፤ ከቤተሰቡ የወጡትን ሦስት የፓርላማ አፈ ጉባኤዎች ለማስታወስ የተሰየመው። ቀሪውን ብንሠራው የ1730ዎቹን ቤት መልሰን አናገኝም። የእኛን ዘመን ሥራ አሮጌ ልብስ አልብሰን ነው የምናቆመው። አሁን ግድግዳው ተገልጦ ጡቡ፣ የበሩ ቅስት፣ የጭስ ማውጫው መንገድ ሁሉ ይታያል። ልስኑ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ የሸፈነውን ነው የምናየው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቤቱን ያሠራው ቶማስ ኦንስሎው ያገባት ኤልሳቤጥ ናይት የጃማይካ እርሻ ሀብት ወራሽ ነበረች። ያ ገንዘብ የባሪያ ላብ ነው። ወርቅ ቅቡ እንደገና ሲያብረቀርቅ ይሄ ታሪክ ወደ ጓዳ እንዳይገባ እፈራለሁ።

የልስን ባለሙያው፦ እህቴ፣ የጃማይካውን ነገር በደንብ አነሣሽው፤ መነገር አለበት። ግን የከሰለ ጡብ ስለ ጃማይካ ምን ይናገራል? ሰው ያ ገንዘብ ምን እንደገዛ ማየት አለበት። አዳራሹ ውስጥ አቁመሽ ብትነግሪው ነው ነገሩ የሚገባው።

የጊልፎርድ ነዋሪ፦ እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ ቅርስ ብዙ አላውቅም። ለእኔ ግን ይህ ቤት የመኳንንት ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ሆኖ ከ5,000 በላይ ወታደሮች ታክመውበታል። በሁለተኛው ደግሞ የመንግሥት መዛግብት ከለንደን ቦምብ እንዲተርፉ እዚያ ተቀምጠዋል። የግንባታ ርብራብ ታቅፎ ስናየው ስንት ዓመት ሆነ! ብቻ ወስነው ሰው ያስገቡበት።

ከበርሚንግሃም፦ የእንግሊዝ ትልልቅ ቤቶች እኮ ከጠፉ ቆይተዋል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የእህል ዋጋ ወደቀ፣ የመሬት ኪራይ አብሮ ወረደ። በ1894 ከባዱ የውርስ ግብር መጣ። ከዚያ ጦርነቱ ወራሾቹን ጨረሰ፣ አገልጋዮቹም የተሻለ ሥራ አግኝተው ሄዱ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከ1,000 በላይ ቤቶች ፈርሰዋል። ለክላንደን ብቻ ለምን እናለቅሳለን?

የልስን ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ስላጣን አይደል የቀረውን የምንይዘው?

ከለንደን፦ ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ግቢው ውስጥ ሂነሚሂ የምትባል የማኦሪዎች፣ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ፣ መሰብሰቢያ ቤት ነበረች። በ1886 ኒውዚላንድ ውስጥ የታራዌራ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰዎች እሷ ውስጥ ተጠልለው ተርፈዋል። የኒውዚላንድ አገረ ገዢ የነበረው አራተኛው የኦንስሎው ጌታ በ1892 በ50 ፓውንድ ገዝቶ ለአትክልት ቦታው ማስጌጫ አመጣት። የ2015ቱ ቃጠሎ አልነካትም። ትረስቱ የተቀረጹትን እንጨቶች ለባለቤቶቹ ለመመለስ በ2019 ተስማማ። ይህን ሳነብ መቅደላ ነው ትዝ ያለኝ። በ1868 ከተወሰዱት ታቦታት ብዙዎቹ ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ጓዳ ናቸው። ከአዳራሹ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

የታሪክ መምህሯ፦ እኔም እንዲህ ነው የሚሰማኝ። ሂነሚሂ ስትመለስ በቦታዋ አዲስ የማኦሪ ቅርጽ ይቆማል የሚል ስምምነት አለ። አያችሁ፣ አዲሱ አዲስ ተብሎ ይቆማል፤ አሮጌ ነኝ አይልም።

የልስን ባለሙያው፦ እሺ፣ ይህን ልቀበልሽ። አዲስ መሆኑ ተጽፎ፣ ቀኑም ተለጥፎ ይሠራ። ግን ይሠራ። ቤቱ ሙሉ ባይሆን እንኳ አዳራሹ ብቻ። ፎቶው አለ፣ ልኩ አለ፣ ለቃጠሎው የተከፈለ የኢንሹራንስ ገንዘብም አለ። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን እንሥራ ብትሉ ማን ይሠራዋል?

የታሪክ መምህሯ፦ አዳራሹ ብቻ ከሆነ፣ የቀሩት ክፍሎች ጡባቸው ተገልጦ ከቆየ፣ እኔ አልቃወምም። የላይኛው ፎቅ ግን አይነካ።

የልስን ባለሙያው፦ ከአዳራሹ እንጀምር። ስለ ላይኛው ፎቅ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።