የ38 ዓመት ወንድሜ ይችለው የነበረውን ነገር እየተወ ነው፤ «ዳውን ሲንድሮሙ ነው» ብሎ መተው ይቻላል?

ጠያቂ፦ ታናሽ እህት፣ ሀዋሳ

ታላቅ ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም ያለበት የ38 ዓመት ሰው ነው። የምንኖረው ከአሞራ ገደል ብዙም ሳንርቅ ሲሆን፣ እስከ አምና ድረስ ጠዋት ዳቦ የሚገዛው፣ ለቡና ከሰል የሚያያይዘውና የጎረቤት ሕፃናት «ጋሼ» ብለው ካልጠሩት መልስ የማይሰጠው እሱ ነበር። መደመር ባይችልም ብርን በቀለሙ ይለያል፤ መስከረም 2013 የብር ኖቱ ሲቀየር እንኳ እናታችን አዳዲሶቹን ጠረጴዛ ላይ እየደረደረች አስለምዳው ከእኔ ቀድሞ ለይቷቸዋል። አሁን ግን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ደርሶ ምንም ሳይናገር ይቆማል፤ የሸሚዙን ቁልፍ ከቆለፈ በኋላ መልሶ ይፈታዋል፤ ቀን ቀን ይተኛል፤ ከሰሉንም እርግፍ አድርጎ ትቶታል። እናታችን ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆኗታል። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስጄው ነበር፤ ያየው ባለሙያ ግን ወንድሜን አንድም ቃል ሳይጠይቅ «እነዚህ ልጆች እንዲህ ናቸው» ብሎ ሸኘን። የ38 ዓመት ሰው «ልጅ» መባሉን ልለፈውና፣ ይህ ለውጥ በእርግጥ ከተፈጥሮው የመጣ ነው ወይስ መመርመር ያለበት ነገር አለ?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ አዳማ

እህቴ፣ ለእናትዎ ነፍስ ይማር። ዳውን ሲንድሮም የ21ኛው ክሮሞሶም ቅጂ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት በመሆኑ የሚመጣና አብሮ የሚወለድ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ በ37 ዓመቱ ዳቦ ይገዛ የነበረ ሰው በ38 ዓመቱ መግዛት ሲያቅተው፣ ያው ክሮሞሶም ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ስሕተት ነው። ወንድምዎ መመዘን ያለበት ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን አምና ከነበረው ከራሱ ጋር ነው። ቀኑን፣ ወሩን ወይም ቅነሳ የሚጠይቁት የተለመዱት የማስታወስ ፈተናዎችም እሱ ድሮም የማይመልሳቸውን ነገሮች ስለሚጠይቁ ያሳስታሉ። ከፈተናው ይልቅ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ የትኛውን መቼ እንደተወ በወረቀት ጽፈው ቢሄዱ ለሐኪሙ የበለጠ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ ታይሮይድ ለተባለው የአንገት ዕጢ የደም ምርመራ ያስደርጉለት፤ የዕጢው መድከም በእነዚህ ሰዎች ላይ እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ ሕመም ባይታይም በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ መታየት አለበት። ቀን መተኛቱ ሌላም ነገር ያስጠረጥራል፤ ሌሊት ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ይላል? ጆሮውና ዓይኑም ይታዩለት። ሐዘኑንም ቀላል አድርገው አይዩት፤ በቃል መናገር ያልቻለ ሰው ሐዘኑን ሥራውን በመተው ሊገልጸው ይችላል። አልዛይመርን፣ ማለትም አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያዳክመውን የመርሳት በሽታ፣ የፈሩ ይመስለኛል። አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን የሚወጣበት ጂን በዚሁ 21ኛው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ በሽታው እነሱን ቀድሞ እንደሚይዛቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ በብዛት የሚጎላው በ50ዎቹ ዕድሜ ስለሆነ በ38 ዓመት መጀመሪያ መፈለግ ያለባቸው የሚታከሙት ምክንያቶች ናቸው። አረማመዱ ከተለወጠ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም አንገቱን ካመመው ግን የአከርካሪ አጥንት ችግር ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት።

መልስ፦ ታቦር ሥር፣ ሀዋሳ

የእኔም እህት 44 ዓመቷ ነው፤ ታይሮይዷ ደክሞ ተገኝቶ ኪኒን ታዘዘላት። እኛ ግን ኪኒኑን ከጠዋት ቡናዋ ጋር ስንሰጣት ወራት አለፉ፤ ለካ ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ከሰጠናት በኋላ፣ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል አዘግይተን፣ ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ተመለሰች። ለጆሮዋም ወስደናት ነበር፤ የደረቀው ኩክ ሲወጣላት መጀመሪያ የተናገረችው «አትጩኹብኝ» የሚል ነበር። ለካ ስንት ጊዜ ጮኸንባታል!

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት መምህር

የምርመራው ሐሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውጤት እስኪመጣ ድረስ ሥራውን ሁሉ ተክታችሁ አትሥሩለት፤ ብዙ ቤተሰብ በርኅራኄ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ይልቅ ይይዛል፤ የሚረዳውም ከሚናገረው ይበልጣል። እናታችሁ ብሩን ጠረጴዛ ላይ መደርደራቸው ከማንኛውም ትምህርት ቤት የተሻለ ዘዴ ነበር። «ሂድና አምስት ዳቦ ግዛ፣ መልሱን ተቀበል፣ ስትመለስ በሩን ዝጋ» የሚል ትእዛዝ መንገድ ላይ ይጠፋል። ለመሆኑ ቀድሞ ወደ ዳቦ ቤት የሚልኩት እንዴት ነበር?

ጠያቂ፦

ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። እናቴ የዳቦውን ዘንቢል ሌሊት በሩ እጀታ ላይ ታንጠለጥለው ነበር፤ ብሩም ውስጡ ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ቤት ሳስተካክል ዘንቢሉን ወደ ጓዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ትናንት መልሼ ሰቀልኩት። ዛሬ ጠዋት ሳልነግረው አንሥቶ ወጣ፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ግን እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ቆሞ እንደነበር ሻጩ ነግሮኛል፤ ዘንቢሉን አይቶ ነው አምስቱን ዳቦ የሰጠው። ማንኮራፋቱ ደግሞ እስከ እኔ ክፍል ይሰማል፤ እስካሁን እንደ በሽታ ቆጥሬው አላውቅም። ሐሙስ ወረቀቱን ይዤ ለደም ምርመራ እወስደዋለሁ።