ማይግሬኑ አልለቅ አለኝ፣ ማስታገሻውም አልሰራ አለ! የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም አጣሁ፦ ወገን ድረሱልኝ። ከትናንት ወዲያ የጀመረኝ ማይግሬን እስካሁን አለ። በግራ በኩል ብቻ ነው የሚፈልጠኝ፣ ከዓይኔ ጀርባ ትር ትር ይላል። ብርሃን ማየት አልቻልኩም፣ የሰው ድምፅ ራሱ ይወጋኛል። የዋጥኩትን ሁሉ ያስመልሰኛል። ማስታገሻው እንደ ድሮው አይደለም፣ ምንም አላለኝም። ከዚህ የሚጠነክር ምን አለ? ቶሎ በሉኝ።

ምንጭ፦ ውሃ ጠጪ። ብዙ ውሃ። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ቀልደኛው፦ መፍትሔው ጭንቅላትን አውልቆ ማሳደር ነበር፣ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ ጠፍቶ ነው እንጂ። ይማርሽ እህቴ።

አባ ምክር፦ ልጄ፣ የዘንድሮ ሰው ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ ያድርና ጠዋት ራሴን ይላል። ማይግሬን የነርቭ ሕመም ነው፣ ሥርዓት ይወዳል። መተኛትም መነሳትም በሰዓቱ፣ ምግብም በሰዓቱ። በእረፍት ቀን እስከ ቀትር መተኛት ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ቡና ለለመደ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ድንገት ማቋረጡ ራስ ምታት ያመጣል፣ ስለዚህ መጠኑ ሳይዋዥቅ አንድ ዓይነት ይሁን። የቀሰቀሰሽን ነገር በደብተር መዝግቢ። የበላሽውን፣ የተኛሽበትን ሰዓት፣ የወር አበባሽን ቀን፣ የዋጥሽውን ክኒን ሁሉ። እኛ በጊዜያችን...

ቀልደኛው፦ አባ፣ ልጅቷ ብርሃን ማየት አልቻልኩም ብላለች፣ እርስዎ መጽሐፍ እያስነበቧት ነው 😄

እውነቱ ይነገር፦ ለመሆኑ ማይግሬን ነው ያለሽ ማነው? ከዓይን ጀርባ የሚያም ሳይነስ ነው። በእንፋሎት ታጠኚ፣ በማግስቱ ይለቅሻል።

ነርሷ፦ @እውነቱ ይነገር ይሄ አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሳይነስ ነው ተብሎ ለዓመታት አንቲባዮቲክ ሲወስድ ከርሞ ማይግሬን ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። በማይግሬን ጊዜም አፍንጫ ሊፈስ፣ ዓይን ሊያነባ ይችላል። የሳይነስ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም፣ ቀለም ያለው ንፍጥ አለው፣ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። በአንድ በኩል የሚመታ፣ የሚያስመልስ፣ ብርሃን የሚያስጠላ ከሆነ ወደ ማይግሬን ያደላል።

ምንጭ፦ ውሃውን ጠጣሽ?

ፋርማሲስቱ፦ ሰላም አጣሁ፣ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ማስታገሻ ያልሽው የትኛው ነው? በወር ስንት ቀን ትወስጃለሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር አለ? ጭንቅላትሽን የመታሽ ነገርስ? ወይም ሕመሙ በአንዴ፣ በሰከንዶች ውስጥ ነው ጣራ የነካው? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ መልሴን ሳትጠብቂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሰላም አጣሁ፦ እነዚህ የሉም፣ ነፍሰ ጡርም አይደለሁም። የለመድኩት ዓይነት ነው፣ የአሁኑ አልሄድም አለ እንጂ። የምወስደው ፓራሲታሞል ካፌይን ያለበትን ነው፣ ሲብስ አይቡፕሮፌን እጨምርበታለሁ። ስንት ቀን ለሚለው በየቀኑ ማለት ይቻላል። ከወራት ወዲህ እንዳይጀምረኝ ብዬ ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ብቻውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴይን (ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ) የተቀላቀለበት፣ ወይም የማይግሬን መድኃኒቶቹ ኤርጎታሚንና ትሪፕታን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደና ይህም ከ3 ወር ካለፈ እሱን እንጠረጥራለን። የሚቆጠረው ቀኑ ነው፣ የክኒኑ ብዛት አይደለም።

ለዛሬው ግን ሌላ ክኒን አትጨምሪ። ማይግሬን ሲይዝ ጨጓራ ሥራው ይዘገያል፣ የዋጥሽውም ወደ ደም ሳይገባ ይቆያል ወይም ይወጣል። ያልታከመ ማይግሬን ከ4 እስከ 72 ሰዓት ነው የሚቆየው፣ አንቺ ወደ መጨረሻው እየተጠጋሽ ነው። ሕክምና ቦታ ሂጂና የማስመለስ ማስቆሚያና ማስታገሻ በመርፌ፣ ካስፈለገም ፈሳሽ ይሰጡሻል። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ።

ሰላም አጣሁ፦ ማስታገሻው ነው ያሳመመሽ እያልከኝ ነው? ካልወሰድኩ እኮ ይብስብኛል!

ዝምታ እወዳለሁ፦ የሚብሰው ለዚያ ነው እህቴ፣ እኔም ያለፍኩበት ነው። ሳቋርጥ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲኦል ነበሩ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቀለለልኝ። አሁን ሲይዘኝ ገና ሲጀምር ሱማትሪፕታን (ከትሪፕታኖቹ አንዱ ነው) እወስዳለሁ፣ ሕመሙ ከተደላደለ በኋላ ከተወሰደ ብዙም አይረዳም።

ነርሷ፦ ሱማትሪፕታንን ግን ማንም ተነስቶ ገዝቶ አይውሰድ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ ያገኘው፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው አይወስደውም። ከኤርጎታሚን በኋላም 24 ሰዓት ሳይሞላ አይሆንም። ኮዴይን ለወራት የወሰደ ደግሞ ድንገት አያቋርጥ፣ ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ይቀንስ።

አባ ምክር፦ ደብተር ያልኩት ለዚህ ነበር።

ፋርማሲስቱ፦ እሱስ ልክ ነዎት። ሰላም አጣሁ፣ ይሄኛው ካለፈ በኋላ ማይግሬኑ እንዳይመጣ ስለሚከላከል መድኃኒት ሐኪምሽን ጠይቂ። በየጠዋቱ መወሰድ ያለበት እሱ ነው እንጂ ማስታገሻ አይደለም። ፕሮፕራኖሎል አለ፣ አስም ላለበት ግን አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን አለ፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ማታ ነው የሚወሰደው። ቶፒራሜት አለ፣ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ይጎዳል። የትኛውም ቢሆን ለውጡን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት አልሰራም ብሎ ይጥለዋል።

ሰላም አጣሁ፦ እሺ። ታላቅ እህቴ መጣች፣ እየሄድን ነው። ስመለስ እጽፋለሁ።

ቀልደኛው፦ ምሕረቱን ያውርድልሽ። ይሄን ከልቤ ነው።

ዝምታ እወዳለሁ፦ ሰላም አጣሁ፣ እንዴት ሆንሽ? ጠፋሽ እኮ።

አዲስ ገቢ፦ መሀል ገባሁባችሁ ይቅርታ። እኔ ራስ ምታቱ ከመምጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ዚግዛግ የሆነ ብርሃን ዓይኔ ላይ ይሄዳል። የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ። ይገናኛል?

ምንጭ፦ ውሃ...

ነርሷ፦ @ምንጭ እባክህ። @አዲስ ገቢ ያ ብርሃን ኦውራ ይባላል። ኦውራ ያለው ማይግሬን እያለ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ያለበት ክኒን መውሰድ የስትሮክን አደጋ ይጨምራል፣ ስለዚህ አይመከርም። ማሸጊያው ላይ ምን ይላል?

አዲስ ገቢ፦ ሁለት ስም አለው። አንዱ ኤቲኒል ኢስትራዲዮል ይላል።

ነርሷ፦ ኤስትሮጅኑ እሱ ነው። ሳትዘገዪ ያዘዘልሽ ባለሙያ ጋ ሂጂ፣ ኦውራውንም እዚህ እንደጻፍሽው አስረጂ። ኤስትሮጅን የሌለበት ሌላ ዓይነት መከላከያ ይለውጡልሻል። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነም ንገሪያቸው።