ከአንዲት የብራና ቅጠል ጋር ተፋጥጫለሁ

ፓሪስ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንዲት የብራና ቅጠል ገዛሁ። ከላቲን የሰዓታት መጽሐፍ የተገነጠለች ናት። የእኛ ሰዓታት እንዳይመስላችሁ፤ የካቶሊክ ምእመናን ቤታቸው ይጸልዩበት የነበረ ነው። ጽሑፉ በማተሚያ የታተመ ነው። የመነሻ ፊደላቱ ግን በእጅ፣ በቀይና በሰማያዊ መደብ ላይ በወርቅ ተሥለዋል። ዳርና ዳሩን ሐረግ ይዞታል። ነጭ ነጠብጣብ ባለበት ጥቁር መደብ ላይ ወፎችና አዳኞች አሉ። ሲያምር!

ሻጩ «1500 አካባቢ» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ጀርባዋ ካርቶን ላይ ተለጥፏል። በእርጥብ ጥጥ ላላቅቀው ሞከርኩና ብራናው ተጨማደደ። የብራና አገር ልጅ ሆኜ እንዲህ መሞኘቴ!

የማለዳው ጸሎት ምንባብ «ኴ ኤስት ኢስታ» (ይህች ማን ናት) ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ በየከተማው ከሚለያዩት የጸሎት ሥርዓቶች የሮም ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግን አታሚውን አይነግረኝም፤ ፓሪስ ውስጥ ብዙዎች ለሮም ሥርዓት ያትሙ ነበር። ዓመቱን የሚጠቁመው የበዓላት ሠንጠረዥ ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር ቀርቷል።

የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ቅጂዎችን ሳገላብጥ የፓሪስ አታሚዎቹ የፊሊፕ ፒጉሼና የቲልማን ኬርቨር ሐረጎች ሁለቱም የእኔን መሰሉኝ። ለካ አንዱ የሌላውን ይቀዳ ነበር። ፊደሉን ልለይ ብዬ የ20 መስመር ከፍታ ለካሁ። በተጨማደደው በኩል 91 ሚሊ ሜትር፣ በደህናው በኩል 93 ይመጣል።

ካርቶኑን ሳልነካ፣ ከፊት ገጹ ብቻ ፒጉሼን ከኬርቨር የምለየው በምንድን ነው?