የኤር ፍራየር ድንች ኩርሽም አልል አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቶች፣ ድንች በኤር ፍራየር (በሙቅ አየር በሚጠብሰው ማሽን) ስሠራ ውጩ ልፍስፍስ ይላል፣ በርበሬው ደግሞ አርሮ ይመራል። 200 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ነው የማቆየው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሙቀቱስ ልክ ነው እህቴ። ችግሩ እርጥበቱ ነው። ከትፈሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ስታርቹን ይለቃል፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ደህና አድርገሽ አድርቂውና ጨው ጨምረሽ በዘይት እሺው፤ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። በርበሬውን ሊወጣ 2 ደቂቃ ሲቀረው ነስንሺበት።

ሌላ መልስ፦ ቅርጫቱንም አትጠቅጥቂው! አየሩ በመሃል ካልዞረ ድንቹ በእንፋሎት ይበስላል እንጂ አይጠበስም። በየ7 ደቂቃው ነቅነቅ አድርጊው። እኔ በሚጥሚጣ ነው የምወደው፣ በጾም ቀንማ ከአዋዜ ጋር!

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ለካ ሳላደርቀው ነበር የምከተው። ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።